ዲክላራሲዮኑ ላይ የሌለ ዕቃ

በ2079 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ አንዲት ሴት ደረቴን አመመኝ ብላ ሆስፒታል ብትሄድ መጀመሪያ የሚጠየቀው ደረቷ ነው። እሷ የምትጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም የሆስፒታሉ በር ከተከፈተላት። በካንሰር ምክንያት ጡታቸው ተቆርጦ ሰው ሠራሽ ጡት የገባላቸው ሴቶች በሙሉ፣ በሰው ሠራሹ ውስጥ "ምስክር" የሚባል መሣሪያ አለባቸው። ምስክር በየማለዳው በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ለጤና ቢሮ ቃሉን ይሰጣል። ቃሉ አረንጓዴ ከሆነ የሆስፒታሉ በር በትሕትና "ደህና ነዎት፤ ውሃ በብዛት ይጠጡ" ይልና እንደተዘጋ ይቀራል። በድሬዳዋ ሙቀት ውሃ ጠጡ የሚል ምክር ማንንም አያስከፋም፤ ስለዚህ አብዛኞቹ አመስግነው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

ነኢማ ዩሱፍ አመስግና የተመለሰችው ዘጠኝ ጊዜ ነው። ሳቢያን ሠፈር ካለ ትምህርት ቤት ሒሳብ የምታስተምር የሠላሳ ሰባት ዓመት ሴት ናት። ግራ ጡቷ ከጥር ወር ጀምሮ አብጦ የቀሚሷ ቁልፍ አልገጥም ብሏል። የምትጽፍበትን ግራ እጇን ከትከሻዋ በላይ ማንሳት ስላቃታት ተማሪዎቿ ከሰሌዳው የታችኛው ግማሽ ብቻ መገልበጥ ለምደዋል። በሩ ግን ዘጠኙንም ጊዜ አረንጓዴ አበራ። በአሥረኛው፣ በሚያዝያ መጨረሻ አንድ ሐሙስ ቀን፣ በሩን ትታ በአጥሩ ጥግ ወደ ሆስፒታሉ ጓሮ ዞረች። እዚያ የኒም ዛፍ ሥር የሐሙስ እድር ይቀመጣል ብለዋት ነበር።

የሐሙስ እድር እንደ ማንኛውም እድር ይቀብራል፣ ያስተዛዝናል፣ ድንኳንም አለው። ከሌላው የሚለየው አባላቱ በሙሉ ባለምስክር ሴቶች መሆናቸው ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ሦስት የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ከሥራ ሲወጡ መጥተው አብረዋቸው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ደንቡ ጥብቅ ነው። ሐኪም እንደተቀመጠ አይናገርም። መጀመሪያ ሴትየዋ የተሰማትን ትናገራለች፣ ጸሐፊዋ በእጅ ትጽፋለች፣ ከዚያ ሐኪሙ ይጠይቃል። በአገሩ መመሪያ የሰው ቃል "ስሜት" ሲሆን የመሣሪያ ቃል "መረጃ" ነው። እድሩ ስድስት ዓመት ሙሉ ስሜት ሲጽፍ ኖሮ ሦስት ወፍራም ደብተር ሞልቷል። ሴቶቹ ደረታቸው ውስጥ ያለውን ዕቃ "ተከራይ" ይሉታል፤ ስሙን ያወጣችው ማን እንደሆነች ባይታወቅም ሐኪሞቹም ሳያስቡት እንዲሁ መጥራት ጀምረዋል።

ጸሐፊዋ ሃሴት መኩሪያ ናት። ሃሴት የሚለው ስም በአያቶቻችን ዘመን የሕፃን ስም ነበር፤ ዛሬ ሃሴት የሚባሉት ሁሉ መነጽር ያደረጉ ሴትዮዎች ናቸው። ይቺኛዋ ሃምሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ እሷም በሁለቱም በኩል ተከራይ ካስገባች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በድሬዳዋ ደረቅ ወደብ ሃያ ስድስት ዓመት የጉምሩክ ፈታሽ ነበረች። ዲክላራሲዮን የሚባለውን የዕቃ ዝርዝር በእጇ ይዛ ኮንቴይነሩን ታስከፍታለች፤ ያለው ከተጻፈው ጋር ከገጠመ ይታሸጋል፣ ካልገጠመ ደግሞ ንጉሥም ቢለምናት አይታሸግም። በዕድሜዋ ሳታይ የፈረመችበት እሽግ አንድ ብቻ ነው። እሱም ጡረታ ከወጣች በኋላ ነው፤ ስታስታውሰው እስከ ዛሬ ፊቷ ይቀላል።

ነኢማ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ተናገረች። ሃሴት ጻፈች። ከሦስቱ ሐኪሞች አንዷ፣ ዶክተር ሂክማ አብዱልሰመድ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በደንቡ መሠረት፣ ዝም ብላ ሰማች።

"ዶክተር፣ እኔ እብድ አይደለሁም" አለች ነኢማ በመጨረሻ።

"እብድ ነሽ ያለሽ ሰው አለ?"

"በሩ! ዘጠኝ ጊዜ። ከዚያ ባሌ፤ እሱም በሩን ሰምቶ ነው። ቆይቶ እኔም ራሴን ማመን ተውኩኝ አቦ። ሌሊት ሌሊት ያብጣል፣ ጠዋት ደህና ነሽ እባላለሁ። እኔ እንግዲህ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ሁለቱ አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም።"

ዶክተር ሂክማ ዳሰሰቻት። ከዚያ መሬቱ ላይ በስንጥር አንድ ክብ፣ በዙሪያውም ሌላ ክብ ሣለች። "ይኼ የውስጠኛው ተከራዩ ነው። ይኼ የውጭኛው ሰውነትሽ ራሱ የሠራው ስስ ሽፋን ነው፤ ሁሉም ሰው ላይ ይሠራል፣ ክፋት የለውም። አንዳንድ ሴቶች ላይ ግን ከዓመታት በኋላ በሁለቱ መሀል ፈሳሽ ይቋጥራል፤ ሽፋኑ ላይም ክፉ ሕዋስ ይበቅላል። ሳይቆይ ከነሽፋኑ ከወጣ ይድናል። ከቆየ ወደ ሌላው አካል ይሄዳል። ያንቺ እሱ ነው አልልሽም፤ እሱ ሊሆን ይችላል ግን እላለሁ።"

"ምስክሩ ታዲያ አያየውም?"

"ምስክሩ የውስጠኛው ክብ ውስጥ ነው ያለው። ተከራዩ አለመቀደዱን፣ አለመሞቁን ያያል። ከሱ ውጭ ያለውን የሚያይበት ዓይን የለውም።"

"ተከራዩን ደህና ነህ ወይ ይሉታል፣ ደህና ነኝ ይላል" አለች ሃሴት ከደብተሩ ቀና ሳትል። "ስለ ቤቱ የሚጠይቀው የለም።"

"እንግዲያው አውጡልኛ!" አለች ነኢማ። ሂክማና ሃሴት ተያዩ፤ ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነበር።

ማውጣት አልተከለከለም። ምስክሩ አረንጓዴ እያለ የሚወጣ ተከራይ ግን "በፍላጎት የወጣ" ተብሎ ይመዘገባል። በፍላጎት ከወጣ በሽታ የለም፣ በሽታ ከሌለ ምርመራ የለም፤ የወጣውም ነገር ተከራዩን የሠራው ኩባንያ ንብረት ስለሆነ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የኩባንያው ሳጥን ውስጥ ገብቶ ይታሸጋል። ከወር በኋላ መልስ ይመጣል። እስከዚያች ሐሙስ ድረስ ከዚህ ሆስፒታል አሥራ አንድ ሳጥን ሄዶ፣ አሥራ አንድ ጊዜ "ጉድለት አልተገኘም" የሚል መልስ መጥቷል። ጉድለት አልተገኘም የተባለች ሴት ቀጣይ ሕክምና አይታዘዝላትም። ከአሥራ አንዱ ሴቶች ሦስቱን እድሩ በድንኳኑ አስተዛዝኖ ቀብሯል።

የመጀመሪያዋ ሶልያና ነበረች፤ የሃሴት ጎረቤትና የልብ ጓደኛ። ሳጥኑ ሲታሸግ ሁለት እማኞች ቆመው እንዲያዩና እንዲፈርሙ የሚያዝ አሮጌ ሕግ አለ፤ ማንም ስለማያየው ማንም አልሻረውም። ያኔ እድሩ ከእማኞቹ አንዷን ይላክ ተብሎ ሃሴት ሄደች። የጓደኛዋን አካል በሳህን ላይ ማየት አልቻለችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ስታለቅስ የኩባንያው ሰው ወረቀቱን በሁለት እጁ፣ በአክብሮት ዘረጋላት። ሰውየውን ማስቆም ነውር መሰላት። ሃያ ስድስት ዓመት የነጋዴ እንባ ያላሸነፋት ሴት በይሉኝታ ተሸነፈችና ፈረመች። ሶልያና በሰባተኛው ወር ሞተች። ሃሴት ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ፊርማ ለማንም አልተናገረችም፤ ያን ሐሙስ ግን ነኢማ ፊት ተናገረችው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ጥፋቱን የደበቀም እንደዚያው ነው መሰለኝ።

"አሁን እማኞቹ እነማን ናቸው?" ብላ ሂክማን ጠየቀቻት።

"የጽዳት ሠራተኞች ናቸው። ተጠርተው ይገባሉ፣ ይፈርማሉ፣ ይወጣሉ።"

"ለመጪው ሐሙስ አንዷ እኔ ነኝ። አስመዝግቢኝ።"

"እትዬ ሃሴት፣ እርስዎ ገብተው ምን ያደርጋሉ? ሳጥኑን አይቀሟቸውም።"

"ማን ይቀማል? ሥራዬን ነው የምሠራው።"

ሂክማ ስንጥሩን ጣለች። በአረንጓዴ ላይ ሦስት ጊዜ ቢላዋ ያነሣ ሐኪም ጉባኤ ፊት ይቀርባል፤ ነኢማ ለሷ ሦስተኛዋ ነበረች። ይህን ሦስቱም ያውቁ ነበር። "እሺ" አለች ሂክማ፣ "ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት። ቁርስ እንዳትበዪ ነኢማ።"

ሐሙስ ዕለት ሃሴት አረንጓዴ ጋውን ለብሳ፣ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና፣ የቀዶ ሕክምናው ክፍል ወለል ላይ ከተሠመረው ቀይ መሥመር ኋላ ቆመች። ከጎኗ ሁለተኛዋ እማኝ ወይዘሮ ትርሲት ነበረች፤ የሆስፒታሉ ጽዳት ሠራተኛ፣ ከአሥራ አንዱ ሳጥን በዘጠኙ ላይ ፊርማዋ ያለ። ከመሥመሩ ወዲህ ደግሞ የኩባንያው ተረካቢ ያፌት የሚባል፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ጫማው የሚያበራ ወጣት ከነሳጥኑ ቆሟል። ከአዲስ አበባ በጠዋቱ ባቡር ነው የመጣው። ክፉ ሰው አልነበረም። ነኢማ ልትተኛ ስትገባ "አይዞሽ እህቴ" ብሏታል።

ሂክማ አንድ ሰዓት ከሩብ ሠራች። ሽፋኑን ሳትበሳ፣ በዙሪያው እየዞረች፣ ተከራዩን ከነሽፋኑ እንዳለ አወጣችና ሳህኑ ላይ አኖረችው። ሃሴት በዚህ ጊዜ ፊቷን አላዞረችም። ዓይኗን ከሳህኑ ላይ አልነቀለችም።

ሳጥኑ ጢጥ ብሎ አሥሩን ደቂቃ መቁጠር ጀመረ።

"ማዘር፣ እዚህ ጋ ብቻ ነው" አለ ያፌት ወረቀቱን እየዘረጋ። "አንዲት ፊርማ።"

"እትዬ ሃሴት በለኝ። ምን ላይ ነው የምፈርመው?"

"ሳጥኑ በፊትዎ መታሸጉን ነው።"

"ምን ይዞ ነው የታሸገው?"

"ዲክላራሲዮኑ ላይ አለ።"

"መነጽሬን ውጭ አስቀምጫለሁ። አንብብልኛ።"

ያፌት ሰዓቱን አየት አድርጎ አነበበ። "አንድ ሰው ሠራሽ ጡት፣ ግራ። ክብደት ሦስት መቶ አርባ ግራም።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

"ጥሩ። መዝነውና እናሽገው።"

"ይቅርታ?"

"መዝነው። ክብደት ተጽፏል አይደል? የተጻፈ ክብደት ይመዘናል።"

ሂክማ ጭምብሏ ውስጥ ሳቋን ዋጥ አደረገችና ሳህኑን ሚዛኑ ላይ አስቀመጠች። የሳህኑ ተቀንሶ አራት መቶ አሥራ ስምንት ግራም ሆነ።

"ሰባ ስምንት ግራም ትርፍ አለህ" አለች ሃሴት።

"እሱ ሽፋኑ ነው። ትንሽም ፈሳሽ አለበት። ሁሌም አብሮ ነው የሚሄደው።"

ሁሌም ያለውን ሃሴት ያዘችው። የሶልያናም እንዲሁ አብሮ ሄዷል፤ ያቺ ሴት በሽታዋ በእጇ እያለ፣ ሐኪሟ አጠገብ ቆማ እያለች፣ በሽታዋ ታሽጎ በባቡር ሄደባት። የሃሴት ድምፅ ግን ወደብ ላይ እንደለመደችው ዝግ ያለ ነበር።

"ልጄ፣ ከተመዘገበ ዕቃ ጋር ያልተመዘገበ ዕቃ ተደባልቆ ሲገኝ ምን እንደሚባል ታውቃለህ?"

"እኔ እንጃ እትዬ።"

"ድሬዳዋ ላይ ቆመህ ኮንትሮባንድ አላውቅም አትበለኝ።"

ሰመመን ሰጪው ባለሙያ ሳቀ። ያፌት አልሳቀም፤ ግንባሩ ላይ ላብ መጥቶበታል። "ይኼ እኮ የሰው አካል ነው፣ ዕቃ አይደለም" አለ።

"እኔም የምለው እሱን ነው። የሰው አካል ከሆነ እናንተ ሳጥን ውስጥ ምን ይሠራል? የናንተ ንብረት ከሆነ ደግሞ ለምን አልጻፋችሁትም? እንደዚህ ሆኖ አልፈርምም።"

ወጣቱ ወደ ትርሲት ዞረ። ትርሲት ወረቀቱን ተቀብላ ብዕሩን ከፍታ ነበር። ዘጠኝ ጊዜ እንደፈረመችው ልትፈርም እጇን ሰደደችና መሀል ላይ አቆመችው። ወደ ሳህኑ አየች፤ በዘጠኙም ጊዜ አይታው አታውቅም ነበር። የብዕሩን ክዳን መልሳ ገጠመችው።

"እኔም እንግዲህ እስኪስተካከል አልፈርምም" አለች።

እማኝ ጠዋት ከተመዘገበ በኋላ አይቀየርም፤ ያለ ሁለት ፊርማ ደግሞ ሳጥኑ አይቆለፍም። ያፌት ወደ ግድግዳው ዞሮ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ደወለ። ዲክላራሲዮን ለማሻሻል ሁለት የሥራ ቀን ያስፈልጋል አሉት። ሳጥኑ አራት ደቂቃ ቀረ ይላል። በደቂቃው ካልተቆለፈ ደግሞ ጥፋቱ የተረካቢው ነው።

"እትዬ፣ ከሥራዬ ታስባርሩኛላችሁ" አለ፤ ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር።

"ሥራህን እያስተማርኩህ ነው እንጂ። ስማ፤ ሁለት መንገድ አለህ። ወረቀቱን ዕቃውን ታስመስለዋለህ፣ ወይም ዕቃውን ወረቀቱን ታስመስለዋለህ። ለወረቀቱ ሁለት ቀን አሉህ። ለዕቃው ዶክተር እዚሁ ናት፣ መቀስም ይዛለች።"

ያፌት ሳህኑን አየ፣ ሳጥኑን አየ። ለሂክማ ራሱን በእሺታ ነቀነቀላት። ሂክማ ሁለተኛ ንቅናቄ አልጠበቀችም። ሽፋኑን ሰነጠቀችው። ደፍርሶ ቢጫ የሆነ ፈሳሽ በኩባያ ተቀበለች፤ ከሽፋኑ በአንደኛው ጎን የሩዝ ፍሬ የሚያክል እብጠት ነበረ። ተከራዩ ተጠርጎ፣ ለብቻው ሚዛን ላይ ወጣ። ሦስት መቶ አርባ ግራም ሆነ፤ አንድም አልጎደለ፣ አንድም አልተረፈ።

ሃሴት በእጇ አንሥታ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠችው። የሳጥኑ ውስጥ ይሞቃል። "ይኼ ደግሞ ምንድነው?" ብላ ጠየቀች።

"በሰውነት ሙቀት ነው የሚጓዘው" አለ ያፌት። "መሣሪያው እንዳይደናገጥ።"

"ለሱማ አስባችሁለታል" አለችና ሙሉ ስሟን ከነአባቷ ጽፋ ፈረመች። ትርሲትም ፈረመች። ሳጥኑ ተቆለፈ። ሽፋኑና ፈሳሹ በነኢማ ስም፣ በነኢማ ፈቃድ ወደ ምርመራ ክፍል ሄዱ፤ የማንም ንብረት አለመሆናቸውን የኩባንያው ወረቀት ራሱ ይመሰክር ነበር።

ውጤቱ በስድስተኛው ቀን መጣ። ሂክማ ወደ ነኢማ ቤት ሃሴትን ይዛ ሄደች። "ክፉው ሕዋስ ነው" አለቻት፣ ሳትሸፋፍን። "ሽፋኑ ላይ ብቻ ነው ያለው፤ አልፎ አልሄደም። ሽፋኑ ደግሞ ወጥቷል። ክትትል ይኖርሻል፣ ግን ትድኛለሽ።"

ነኢማ ማልቀስ ጀመረች፤ ባሏ ሊያባብላት ሲጠጋ በእጇ ከለከለችው። "በደስታ ነው" አለችው፣ "ታምሜ ስለነበር ነው። እውነቴን ነበር!" ሰው ካንሰር አለብህ ተብሎ በደስታ ሲያለቅስ ሃሴት አይታ አታውቅም። እሷም አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ለሶልያና የቀረውን ጭምር አለቀሰች።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ሂክማ በሦስተኛ አረንጓዴዋ ተከሰሰች፤ እስኪፈረድ ቢላዋ እንዳትይዝም ታገደች። የእድሩ ደብተር ላይ ተራ የሚጠብቁ ሰባት ሴቶች ነበሩ። ሌሎቹ ሁለቱ ሐኪሞች እሷ ከተፈረደባት እነሱም ቢላዋ እንደማያነሡ በግልጽ ተናገሩ፤ ልጆች አሏቸው፣ ማን ይፈርድባቸዋል።

ጉባኤው የተቀመጠው በሰኔ ሁለተኛ ሳምንት፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው። ሰብሳቢው አቶ ኢዮስያስ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ከፊታቸው ስክሪን አለ። ከግራቸው ሂክማ፣ ከቀኛቸው ነኢማና ሃሴት በምስክርነት ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው የምርመራውን ውጤት አነበቡ፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ይህን ውጤት ያወጣው ማነው?"

"የሆስፒታሉ የምርመራ ሐኪም" አለች ሂክማ። "በማይክሮስኮፕ አይቶ።"

"በዓይኑ ነዋ።"

"በምኑ ሊያይ ኖሯል?"

"ዶክተር፣ እኔ መመሪያውን አላወጣሁም። በሰው ዓይን የታየ ስሜት ነው፤ ልቀበለው አልችልም። መረጃ የምለው ምስክር የሰጠውን ነው። ምስክር ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በፊትም፣ በዕለቱም፣ እስከ ዛሬ ጠዋትም ድረስ..." ስክሪኑን አዩና "አረንጓዴ ነው" አሉ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሰሙት፤ ነገሩ ምን እንደሆነ የገባት ግን መጀመሪያ ሒሳብ አስተማሪዋ ናት። ነኢማ ከወንበሯ ተነሣች።

"እስቲ የዛሬውን እንደገና ያንብቡልኝ" አለች።

"ሰኔ ዘጠኝ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። ነኢማ ዩሱፍ። ግራ ጡት። ደህና።"

"የትኛው ግራ ጡቴ?"

አቶ ኢዮስያስ ቀና አሉ። ነኢማ ሻርፗን ወደ ትከሻዋ መለሰችና የቀኝ እጇን መዳፍ በግራ ደረቷ ላይ፣ በቀሚሷ ላይ፣ ጠፍጣፋ አድርጋ አሳረፈችው። መዳፏ የሚያርፍበት ሜዳ ብቻ ነበር።

"እዚህ ምንም የለም" አለች። "አምስት ሳምንት ሊሞላው ነው። በሳጥን አሽጋችሁ ወሰዳችሁት። እኔ በነዚያ ቀናት ትኩሳት ይዞኝ አልጋ ላይ ነበርኩ፣ ደህና ናት አለ። ስፌቴ ሲፈታ አመመኝ ብዬ ጮህኩ፣ ያን ጠዋትም ደህና ናት ብሎ ነበር። ሞቼ ብቀበር ኖሮም በማግሥቱ ደህና ናት ይላችሁ ነበር። አሁን ማንን ነው ጤንነቷን የሚነግራችሁ? የት ሆኖ ነው የሚናገረው?"

ስክሪኑን የሚያንቀሳቅሰው የጉባኤው ጸሐፊ ቁልፍ ነካ፣ ነካና በቀስታ "አዲስ አበባ፣ የኩባንያው መጋዘን" አለ። ሙቁ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ለአምስት ሳምንት ሲመሰክር ኖሯል።

"እግዜር ይመስገን" አለች ሃሴት ጮክ ብላ፣ "መጋዘኑ ደህና ነው።"

የሳቀ አልነበረም፤ አቶ ኢዮስያስ ግን ፊታቸው ተለዋወጠ። ስክሪኑን ወደ ራሳቸው አዙረው ለብቻቸው ሲያዩት ቆዩ። ከዚያ ጸሐፊውን "በመሣሪያው ፋንታ እሷን መዝግብ" አሉት። ጸሐፊው ሞከረ። አልተቻለም፤ "መረጃ ሰጪ" የሚለው ክፍት ቦታ የመሣሪያ ቁጥር እንጂ የሰው ስም አይቀበልም። ነኢማ ዩሱፍ ብሎ ሦስት ጊዜ ጻፈ፣ ሦስት ጊዜ አጠፋበት።

"ይቅር" አሉ አቶ ኢዮስያስ።

ሂክማ ዓይኗን ጨፈነች፤ ያለቀ መስሏት ነው። ሰብሳቢው ግን የጠረጴዛቸውን መሳቢያ ጎትተው አንድ ነጭ ወረቀት አወጡ። ጠርዙ ቢጫ ሆኗል። ከኪሳቸው ብዕር አወጡና ስክሪኑን በክንዳቸው ገፋ አድርገው ቦታ አስለቀቁ።

"ልጄ፣ ተቀመጪ። ስም ከነአባት?"

"ነኢማ ዩሱፍ።"

"ሥራ?"

"የሒሳብ መምህርት።"

"መቼ ነው የጀመረሽ?"

ነኢማ ከጥር ጀምራ ተናገረች። ሽማግሌው እጃቸው መጻፍ ረስቷል፤ ፊደሉ ትልልቅና ጠማማ ነበር። አንዳንዴ ቆይ ብለው ያስቆሟታል፣ ደግማ ትነግራቸዋለች። ዘጠኙን የበር ጉዞ ሲጽፉ ብቻቸውን ራሳቸውን ነቀነቁ። ወረቀቱ ከፊትም ከኋላም ሞላ። ከታች ፈረመች። የሐኪሟን ጉዳይ ከዚህ ቃል ጋር አያይዘው እንደሚያዩት፣ እግዱም ለጊዜው እንደተነሣ ተናገሩ። ሂክማ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጣቶቿን አየቻቸው፤ የታሰሩ ቆይተው የተፈቱ ያህል ታጥፋቸው ትዘረጋቸው ጀመር።

"እንግዲህ ጨረስን" አሉ ሰብሳቢው ብዕራቸውን እየከደኑ።

"አልጨረስንም" አለች ሃሴት።

ሄዳ በሩን በሰፊው ከፈተችው። ኮሪደሩ ከዳር እስከ ዳር ሴት ነው። ከመጋላ፣ ከከዚራ፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ የመጡ፤ ሻርፕ ያደረጉ፣ ነጠላ የለበሱ፣ በአንድ እጃቸው ማራገቢያ የያዙ፤ አንዳንዶቹ ከንጋት ጀምረው ግድግዳ ተደግፈው የቆሙ ናቸው። ጠዋት ሁሉም ደህና ነዎት ተብለዋል። አንዷም ወደ ቤቷ አልተመለሰችም።

አቶ ኢዮስያስ ሴቶቹን አዩ። ባዶውን መሳቢያም አዩ።

"አቶ ኢዮስያስ" አለች ሃሴት፣ "ወረቀት ያስመጡ። ብዙ ነን።"